የእናት ወገብና የመፈንቅል ሕግ

መርሐቤቴ በጀማና በወንጪት ወንዞች ሸለቆዎች መካከል የተቀመጠ አምባ ነው። ከአዲስ አበባ በስተሰሜን 180 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ወደምትገኘው ዋና ከተማው ወደ ዓለም ከተማ ለመድረስ፣ ከለሚ ደጋ ወደ ጀማ ቆላ ወርዶ፣ ወንዙን ተሻግሮ፣ እንደገና ዳገቱን መውጣት ግድ ይላል። ይህ መንገድ ለተጓዥ የአንድ ቀን ድካም ነው። በአምባው ጫፍና ጫፍ ለሚኖሩ እናቶች ግን ዳገትና ቁልቁለት፣ ከዚያም ጋር ሸክም፣ የዘወትር ኑሮ ናቸው።

አንዲት እናት እናስብ። መምህርት ናት፤ ሁለት ልጆች አሏት፤ ታናሹ ገና ጡት አልጣለም። ከንጋቱ በፊት ተነሥታ ውኃ ትቀዳለች፣ ቤት ትጠርጋለች፣ ቁርስ ታቀርባለች። ከዚያም አራት ክፍለ ጊዜ በጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆማ ታስተምራለች። ማታ እንጀራ ትጋግራለች፤ ልጆቹ ሲተኙም በኩራዝ ወይም በአምፖል ብርሃን ደብተር ስታርም ታመሻለች። ወገቧ ያማታል፤ ሕመሙ አንዳንዴ በዳሌዋ በኩል ወደ እግሯ ይወርዳል። ስትጠየቅ ግን «ድካም ነው፣ ያልፋል» ትላለች። ይህችን እናት በስም መጥራት አያስፈልገንም። ከአንባቢዎቻችን ብዙዎቹ በየቤታቸው ያውቋታልና።

በዚህ ጽሑፍ ሁለት ነገር ለማሳየት እንሞክራለን። አንደኛው፣ «ድካም» የተባለው ነገር በ9ኛና በ11ኛ ክፍል በተማርነው ፊዚክስ ሊሰላ የሚችል መሆኑን ነው። ሁለተኛው፣ ስሌቱ ራሱ ምን ማድረግ እንደሚገባን የሚጠቁም መሆኑን ነው። ጉዳዩ የጥቂቶች አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው እ.ኤ.አ. በ2020 በዓለም ዙሪያ 619 ሚሊዮን ሰዎች የወገብ ሕመም ነበረባቸው፤ በ2050 ቁጥሩ 843 ሚሊዮን ይደርሳል ተብሎ ይጠበቃል። ሕመሙ ከወንዶች ይልቅ በሴቶች ላይ ይበዛል።

አከርካሪ እንዴት ተሠራ?

አከርካሪያችን አንዱ በአንዱ ላይ የተደረደሩ አጥንቶች ዓምድ ነው። በየሁለቱ አጥንቶች መካከል ዲስክ የሚባል ትራስ አለ። የዲስኩ ዳር በጠንካራ ቃጫ የተጠቀለለ ሲሆን፣ መካከሉ ውኃ የበዛበት ለስላሳ ነገር ነው። ስንቆምና ሸክም ስንሸከም ዲስኩ ይጨመቃል፤ ጥቂት ውኃም ያጣል። ስንተኛ ደግሞ ያጣውን ውኃ መልሶ ይመጥጣል። ስለዚህ ጠዋት ከማታው ይልቅ አንድ በመቶ ያህል እንረዝማለን። በግድግዳ ላይ ምልክት አድርጎ ይህን መለካት ለማንኛውም ተማሪ ቀላል ሙከራ ነው።

ወገብ ላይ ያሉት አምስቱ አጥንቶች ከነሱ በላይ ያለውን የሰውነት ክፍል ሁሉ ይሸከማሉ። ዓምዱን ከኋላ የሚይዙት የጀርባ ጡንቻዎች ናቸው። እነዚህ ጡንቻዎች ከዲስኩ መካከል የሚርቁት 5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። የችግሩ ቁልፍ ይህች 5 ሴንቲ ሜትር ናት።

ጀሪካንና መፈንቅል

የመፈንቅልን ሕግ እናስታውስ። ኃይል ከመደገፊያው ባለው ርቀት ሲባዛ ቶርክ የምንለውን የማዞር ኃይል ይሰጠናል። አንድ ነገር ሳይዞር ጸንቶ እንዲቆም በሁለቱ አቅጣጫ ያሉት የማዞር ኃይሎች እኩል መሆን አለባቸው። በወገባችን ላይ መደገፊያው ዲስኩ ነው። ከፊት ያለው የሰውነት ክብደትና ሸክም ወደ ፊት ሊጥለን ይሞክራል፤ ከኋላ ያለው ጡንቻ ወደ ኋላ ይስበናል።

አሁን 55 ኪሎ ግራም የምትመዝን እናት 20 ሊትር ውኃ የያዘ ጀሪካን ከመሬት ታነሣለች እንበል። ለስሌት እንዲቀለን የስበት ፍጥነትን 10 ሜትር በካሬ ሰከንድ እንወስዳለን። ከወገብ በላይ ያለው ሰውነቷ 30 ኪሎ ግራም፣ ማለትም 300 ኒውተን ነው እንበል። ጀሪካኑ 200 ኒውተን ነው። ከወገቧ 45 ዲግሪ ያህል አጎንብሳለች። የላይኛው ሰውነቷ የክብደት ማዕከል ከዲስኩ በአግድም 0.25 ሜትር፣ ጀሪካኑ ደግሞ 0.40 ሜትር ወደ ፊት ይርቃል።

ከሰውነቷ የሚመጣው የማዞር ኃይል፦ 300 × 0.25 = 75 ኒውተን ሜትር።
ከጀሪካኑ የሚመጣው፦ 200 × 0.40 = 80 ኒውተን ሜትር።
ድምሩ 155 ኒውተን ሜትር ነው።

ጡንቻው ይህን የሚመክተው በ0.05 ሜትር ርቀት ላይ ሆኖ ስለሆነ፣ የሚያስፈልገው ኃይል 155 ÷ 0.05 = 3,100 ኒውተን ነው። ይህ 310 ኪሎ ግራም እንደማንሣት ይቆጠራል። ሃያ ኪሎ ውኃ ያነሣች እናት ወገቧ ውስጥ የሦስት ኩንታል ኃይል ፈጥራለች ማለት ነው። ጡንቻው የሚስብበት አቅጣጫ አጥንቶቹን እርስ በርስ ስለሚያጣብቅ ኃይሉ በሙሉ ዲስኩ ላይ ያርፋል። ከሰውነቷና ከጀሪካኑ ክብደት በዓምዱ አቅጣጫ የሚያርፈውን 350 ኒውተን ገደማ ስንጨምርበት 3,450 ኒውተን ይሆናል። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነትና ጤና ብሔራዊ ተቋም ለሠራተኞች እንደ ገደብ የሚጠቀምበት የዲስክ መጨመቂያ ኃይል 3,400 ኒውተን መሆኑን ልብ ይሏል።

ያው ጀሪካን በሌላ ሁኔታ ሲነሣስ? እናቲቱ ጀሪካኑ አጠገብ ቆማ፣ ጉልበቷን አጥፋ፣ ወደ ደረቷ አስጠግታ ብታነሣው ርቀቶቹ ያጥራሉ። የሰውነቷ 0.05 ሜትር፣ የጀሪካኑ 0.20 ሜትር ቢሆኑ የማዞር ኃይሉ 15 + 40 = 55 ኒውተን ሜትር ይሆናል። የጡንቻው ኃይልም 1,100 ኒውተን ብቻ ነው። ውኃው አልተቀነሰም፤ የተቀነሰው ርቀቱ ነው። የጡንቻው ኃይል ግን ወደ አንድ ሦስተኛ ገደማ ወርዷል።

ስሌቱን ልኬት ይመሰክርለታል?

እንዲህ ያለ ስሌት ግምት የበዛበት ስለሆነ በልኬት መፈተን አለበት። እ.ኤ.አ. በ1999 ዊልከና ባልደረቦቹ በጀርመን አገር በአንድ ፈቃደኛ ጤናማ ሰው የወገብ ዲስክ ውስጥ ጥቃቅን የግፊት መለኪያ አስገብተው በልዩ ልዩ እንቅስቃሴ ጊዜ ያለውን ግፊት መዝግበዋል። ሰውየው ሲተኛ 0.1 ሜጋ ፓስካል፣ ዘና ብሎ ሲቆም 0.5፣ ተቀምጦ በጣም ሲያጎነብስ 0.83 ነበር። 20 ኪሎ ግራም ወደ ሰውነቱ አስጠግቶ ሲይዝ 1.1፣ ከደረቱ 60 ሴንቲ ሜትር አርቆ ሲይዝ 1.8 ሆነ። ያንኑ 20 ኪሎ ጉልበቱን አጥፎ ሲያነሣ 1.7፣ ጀርባውን አጉብጦ ሲያነሣ ግን 2.3 ሜጋ ፓስካል ደረሰ። ይህ የመጨረሻው ከትንሽ አውቶሞቢል ጎማ ግፊት አሥር እጥፍ ገደማ ነው።

ልኬቱ የአንድ ሰው ብቻ መሆኑ እርግጥ ነው። አቅጣጫው ግን ከስሌታችን ጋር ይስማማል፤ ሸክሙ በራቀ፣ ጀርባም በጎበጠ መጠን ዲስኩ ይጨነቃል።

ከዚህ ጋር የሚሄድ አንድ ነገር አለ። ጠዋት ዲስኩ ውኃ ጠጥቶ ያበጠ ስለሆነ መጉበጥ ከሌላው ጊዜ ይልቅ ይከብደዋል። እ.ኤ.አ. በ1998 ስኑክና ባልደረቦቹ ሥር የሰደደ የወገብ ሕመም ያለባቸው ሰዎች በማለዳ ከማጎንበስ እንዲቆጠቡ በማድረግ ሕመማቸው መቀነሱን አሳይተዋል። በእኛ አገር ግን እናት ከመኝታዋ እንደተነሣች የምታደርገው ምንድን ነው? ጎንበስ ብላ መጥረግ፣ ጎንበስ ብላ ውኃ መቅዳት፣ ጎንበስ ብላ እሳት ማቀጣጠል ነው። ከሥራዎቹ አንዳንዶቹን ለግማሽ ሰዓት ወይም ለአንድ ሰዓት ማዘግየት ወይም ለሌላ የቤተ ሰብ አባል መስጠት ገንዘብ አይጠይቅም።

አንድ ጎንና ሁለት ጎን

20 ሊትር ጀሪካን በአንድ እጅ አንጠልጥሎ መሄድም ሌላ የመፈንቅል ጥያቄ ነው። ጀሪካኑ ከአከርካሪው 0.30 ሜትር ወደ ጎን ቢርቅ፣ የማዞር ኃይሉ 200 × 0.30 = 60 ኒውተን ሜትር ነው። በተቃራኒው ጎን ያሉት ጡንቻዎች በ0.06 ሜትር ርቀት ላይ ቢሠሩ 1,000 ኒውተን መሳብ አለባቸው። አከርካሪው የሚሸከመው ጠቅላላ ኃይል 300 + 200 + 1,000 = 1,500 ኒውተን ይሆናል። ውኃው በሁለት ባለ 10 ሊትር ጀሪካን ተከፍሎ በሁለቱም እጅ ሲያዝ ግን የማዞር ኃይሎቹ ይጣፋሉ። አከርካሪው የሚሸከመው 300 + 200 = 500 ኒውተን ብቻ ነው። ውኃው ያው 20 ሊትር ነው፤ ሸክሙ ግን ሢሶ ሆነ።

አያቶቻችን ይህን ሳያሰሉ ያውቁት ነበር። እንስራ በገመድ ከጀርባ ጋር ተጣብቆ የሚታሰረው፣ ልጅ በአንቀልባ የሚታዘለው ለዚሁ ነው። 10 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሕፃን በአንድ ዳሌ ላይ ሲታቀፍ ወገብን ወደ አንድ ጎን ያጣምማል። በአንቀልባ ሲታዘል ግን የክብደት ማዕከሉ ለእናቱ ጀርባ ይቀርባል፤ እናትም ጥቂት ወደ ፊት ዘንበል በማለት ብቻ ሚዛኗን ታገኛለች። ይህ ማለት ግን ከባድ እንስራ አይጎዳም ማለት አይደለም። የአያያዝ ጥበብ ርቀትን እንጂ ክብደትን አይቀንስም።

እርግዝና በዚሁ ሚዛን ላይ ሌላ ጥያቄ ይጨምራል። ፅንሱ ሲያድግ የክብደት ማዕከል ወደ ፊት ይሄዳል። ነፍሰ ጡሯም ወገቧን ወደ ኋላ በመለመጥ ትመልሰዋለች። እ.ኤ.አ. በ2007 ዊትኮምና ባልደረቦቿ ባሳተሙት ጥናት፣ የወገብ ልምጠት በሴቶች በሦስት አጥንቶች፣ በወንዶች ግን በሁለት አጥንቶች ላይ የተከፋፈለ መሆኑን አሳይተዋል። ተፈጥሮ ለእናት ሸክም አስቀድማ አስባለች ማለት ይቻላል። ያሰበችው ግን ለፅንሱ እንጂ በላዩ ለሚጨመር ጀሪካን አይደለም።

እግርስ ለምን ያማል?

የእግር ሕመም ሁለት ልዩ ልዩ ምንጮች ሊኖሩት ይችላል።

የመጀመሪያው ከወገብ የሚመጣ ነው። ዲስኩ ወደ ኋላ ሲገፋ ወደ እግር የሚወርደውን የነርቭ ሥር ሊጫን ይችላል። በዚህ ጊዜ ሕመሙ ከዳሌ ተነሥቶ በጭን ጀርባ በኩል እስከ እግር ጣት ይወርዳል፤ ያቃጥላል፣ ያደነዝዛል። የሚያመው እግር ይሁን እንጂ ችግሩ ያለው ወገብ ላይ ነው።

ሁለተኛው ከደም ዝውውር የሚመጣ ነው። ጸጥ ብለን ስንቆም ከልብ እስከ ቁርጭምጭሚት ያለው የደም ዓምድ እንደማንኛውም ፈሳሽ ግፊት ያደርጋል። የደም እፍጋት 1,050 ኪሎ ግራም በኪዩቢክ ሜትር፣ የዓምዱ ቁመት 1.1 ሜትር ቢሆን፣ ግፊቱ 1,050 × 10 × 1.1 = 11,550 ፓስካል ነው። ይህም 87 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ያህል ይሆናል። በደም መልስ ቧንቧዎች ላይ ይህ ግፊት ለሰዓታት ሲቆይ ፈሳሽ ወደ ውጭ ይሰርጋል፣ እግር ያብጣል፣ ይከብዳል፤ በጊዜ ብዛትም ቧንቧዎቹ ይወጠራሉ።

መፍትሔው ባት ውስጥ ነው። ስንራመድ የባት ጡንቻ እየጨበጠ ደሙን ወደ ላይ ይገፋል፤ በቧንቧው ውስጥ ያሉት ቫልቮችም ተመልሶ እንዳይወርድ ያግዱታል። በዚህ መንገድ የቁርጭምጭሚት ግፊት ወደ 30 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ወይም ከዚያ በታች ይወርዳል። ስለዚህ ሰሌዳ ፊት ለምትቆም መምህርት በተማሪዎቿ መካከል መዘዋወር፣ መዘዋወር ካልቻለችም ተረከዟን ደጋግማ ከመሬት ማንሣት ትልቅ ጥቅም አለው። ማታም እግርን ከልብ ከፍ አድርጎ ለጥቂት ጊዜ ጋደም ማለት ያንኑ የፈሳሽ ዓምድ ይገለብጠዋል።

መተኛት ወይስ መንቀሳቀስ?

በቀድሞ ጊዜ ወገቡን ለታመመ ሰው የሚሰጠው ምክር «ተኛ» የሚል ነበር። ዛሬ ሕክምናው ይህን ትቶታል። ብዙ ቀን መተኛት ጡንቻን ያደክማል፣ ማገገምንም ያዘገያል። እንደ ዓለም ጤና ድርጅት አገላለጽ ከወገብ ሕመም 90 በመቶ ያህሉ አንድ የተለየ በሽታ የማይገኝለት ዓይነት ነው። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2023 ባወጣው መመሪያ ሥር ለሰደደ የወገብ ሕመም ከሚደግፋቸው እርዳታዎች መካከል የአካል እንቅስቃሴና ትምህርት ይገኙበታል። የወገብ ቀበቶን ዘወትር መጠቀምንና እንደ ኦፒዮይድ ያሉ የሕመም ማስታገሻዎችን ግን አይመክርም።

እ.ኤ.አ. በ2024 በአውስትራሊያ 701 ሰዎችን ያካተተ ሙከራ ውጤት ታትሟል። ከወገብ ሕመም በቅርብ ያገገሙ ሰዎች ቀስ በቀስ እየጨመሩ በሳምንት አምስት ቀን እስከ 30 ደቂቃ እንዲራመዱ ተደርጎ፣ ከባለሙያም ምክር ተሰጣቸው። ሕመሙ እስኪመለስባቸው የቆዩት ቀናት መካከለኛ ቁጥር 208 ሲሆን፣ ምንም ካልተሰጣቸው ዘንድ 112 ነበር።

«የእኛ እናቶች እኮ ሲራመዱ ነው የሚውሉት» የሚል ጥያቄ መነሣቱ ተገቢ ነው። ልዩነቱ ሸክሙ ላይ ነው። 20 ኪሎ ተሸክሞ ዳገት መውጣትና እጅን እያወዛወዙ በሜዳ ላይ መራመድ ለዲስኩ አንድ አይደሉም። ለወገብና ለመቀመጫ ጡንቻዎች ደግሞ ቀላል እንቅስቃሴ አለ፦ በጀርባ ተኝቶ፣ ጉልበትን አጥፎ፣ እግርን መሬት ላይ አድርጎ መቀመጫን ቀስ ብሎ ማንሣት፣ ጥቂት ሰከንድ ይዞ መመለስ፣ ይህንም አሥር ጊዜ መድገም። ሕመሙን የሚያብስ ከሆነ ግን ማቆም ይገባል።

የራጅና የኤም አር አይ ምስልም ብቻውን ሊያስደነግጠን አይገባም። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ የጥናቶች ማጠቃለያ እንደሚያሳየው ምንም ሕመም ከሌላቸው የ20 ዓመት ወጣቶች 37 በመቶው፣ ከ80 ዓመት አረጋውያን ደግሞ 96 በመቶው በምስል ላይ ያረጀ ዲስክ ይታይባቸዋል።

ሳይዘገይ ወደ ሐኪም

የሚከተሉት ምልክቶች ሲታዩ «ያልፋል» ማለት አይገባም። ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር አለመቻል፤ በጭኖች መካከል መደንዘዝ፤ የእግር መስነፍ፤ ትኩሳት፣ የሌሊት ላብና ያለምክንያት መክሳት፤ ከመውደቅ በኋላ የመጣ ብርቱ ሕመም። በአገራችን የሳንባ ነቀርሳ ጀርም አከርካሪን ሊያጠቃ እንደሚችል መዘንጋት የለበትም፤ ይህም በጊዜው ከተደረሰበት በመድኃኒት ይድናል። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ምልክቶች ሲታዩ የሰዓታት መዘግየት እንኳ እግርን ሊያሳጣ ይችላል። በዓለም ከተማ ያለው ሆስፒታል ስሙ «እናት» ነው። ስሙ የሚያምረው እናቶች ሳይዘገዩ ሲደርሱበት ነው።

ሸክሙን መከፋፈል

አሁን ወደ አንድ አስቸጋሪ እውነት እንመጣለን። እስካሁን ያሳየነው የአነሣሥ ፊዚክስ ትክክል ነው። ነገር ግን ሠራተኞችን «እንዲህ አንሡ» ብሎ ማሠልጠን ብቻውን የወገብ ሕመምን እንደማይከላከል በተደጋጋሚ የተደረጉ ጥናቶች አሳይተዋል። ምክንያቱን መገመት አያዳግትም። የቸኮለች እናት የመፈንቅልን ሕግ አታስታውስም፤ ልጅ ያለቅሳል፣ ደወል ይደወላል። ስለዚህ መለወጥ ያለበት የእናቲቱ አቋቋም ብቻ ሳይሆን ሥራው ራሱ ነው።

ምጣዱ በጉልቻ ላይ መሬት ከተቀመጠ እናት ለእያንዳንዱ እንጀራ ታጎነብሳለች። ምድጃው ወደ ወገብ ከፍታ ቢነሣ ያ ሁሉ መጉበጥ ይቀራል። ሊጡና ሌማቱም በዚያው ከፍታ ቢቀመጡ ይበልጥ ያግዛል። መጥረጊያው ረጅም እጀታ ቢኖረው፣ ባለ 20 ሊትሩ ጀሪካን በሁለት ባለ 10 ሊትር ቢተካ፣ ደብተር የሚታረመው ጭን ላይ ሳይሆን ጠረጴዛ ላይ ቢሆን ወጪያቸው ትንሽ ነው። ቧንቧን ወደ መንደር ማቅረብ ደግሞ የከተማና የወረዳ ሥራ ነው፤ ቧንቧ በቀረበ ቁጥር የሚቀንሰው መንገድ ብቻ ሳይሆን በየእናቱ ወገብ ላይ የሚያርፈው ኒውተን ጭምር ነው።

ከሁሉ የሚቀርበው መፍትሔ ግን ይህን ጽሑፍ በሚያነብቡት እጅ ነው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ» ይባላል። በቤት ውስጥ ጤናማ ጉልበት ያለው ወንድ ልጅ ተቀምጦ የመፈንቅልን ሕግ እያጠና፣ እናቱ በጓሮ 3,100 ኒውተን የምታነሣ ከሆነ፣ ትምህርቱ ገና ከደብተሩ አልወጣም ማለት ነው። ነገ ማለዳ ጀሪካኑን እርሱ ይቅደም።

ለመለማመጃ

1. ከላይ በተሰጠው የመጀመሪያ ስሌት ጀሪካኑ ባለ 10 ሊትር ቢሆን የጡንቻው ኃይል ስንት ይሆናል? በግማሽ የማይቀንሰው ለምንድን ነው?

2. 55 ኪሎ ግራም የምትመዝን እናት 20 ኪሎ ተሸክማ 50 ሜትር ከፍታ ያለው ዳገት ብትወጣ በስበት ላይ የምትሠራው ሥራ ስንት ጁል ነው? ጀሪካን ይዞ ዝም ብሎ መቆም በፊዚክስ ትርጉም ሥራ አይደለም፤ ታዲያ ለምን ያደክማል?

3. በቤታችሁ ከመሬት የሚነሡትን ዕቃዎች በሙሉ ለአንድ ቀን መዝግቡ። የትኞቹን ወደ ወገብ ከፍታ ማንሣት ይቻላል? መልሳችሁን በጽሑፍ ሳይሆን በመደርደሪያ አሳዩ።